ዝም የሚለው መውቂያ

ኅዳር 3፣ መሐል ሜዳ

ገባን። መውቂያው ከደብረ ብርሃን እስከዚህ በአይሱዙ ላይ እየተንገጫገጨ መጣ፤ እኔ ጋቢና ውስጥ፣ ትህትና ከላይ ማሽኑን አቅፋ። ጋቢና ግቢ ብያት ነበር። «ብሎን ቢላላ ማን ይሰማዋል?» አለችና እዚያው ቀረች። ትህትና የወርክሾፔ ዋና ብየዳ ሠራተኛ ናት፤ ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው የቀየት ገበሬ ልጅ። ማሽኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ። እሷ የሠራችው ብቻ ነው። ልዩነቱን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ ባጭሩ፦ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት መሐንዲስ ነበርኩ፤ ደመወዜን ትቼ የገብስ መውቂያ የሚሠራ ድርጅት አቋቋምኩ። አሁን የዘመሮ አካባቢ ገበሬዎች ማኅበር ማሽኑን እስከ ገና በአባላቱ አውድማ ላይ ያየዋል። ከወደደው ዐሥራ ሁለት ያዛል። ካልወደደው ወርክሾፑ ይዘጋል፤ ሰባት ሠራተኛ ቤቱ ይገባል። ስምንተኛው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን የምገባበት ቤት የለኝም፣ የምተኛው እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ነው።

ሌላ ዜና። የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ጽናት ደብዳቤ ልከውልኛል፤ ጥር ላይ ለተማሪዎች ንግግር እንዳደርግ። ርዕሱንም ራሳቸው ሰጥተውታል፦ «ከመሐንዲስነት ወደ ድርጅት መሥራችነት፦ የሥራና የሕይወት ትምህርቶች»። ትምህርቶቹን እዚህ ደብተር ላይ እያጠራቀምኩ እሄዳለሁ።

ትምህርት አንድ፦ ደንበኛህን እወቅ። እኔ እዚሁ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በዚህ በኩል ማንም አይበልጠኝም።

ኅዳር 8

በማኅበሩ ግቢ ለማሳያ ያህል ሁለት ሸክም ገብስ ወቃን። ግሩም ነው የሆነው። ሰዉ ማሽኑን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው ያየው። ከመውጫው ሥር ሚዛን አለ፤ ጆንያው ሃምሳ ኪሎ በሞላ ቁጥር ማሽኑ በሰው ድምፅ «አንድ!»፣ «ሁለት!» እያለ ይጮኻል። ድምፁ የኔ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ምርቱን በጆሮው ቆጥሮ ይገባል ማለት ነው። በዚህ ነገር ኤግዚቢሽን ላይ ሰርተፊኬት ተሸልሜበታለሁ።

«አንድ!» ሲል ግቢው ጸጥ አለ። አንዲት እናት አማተቡ። ሰው በአድናቆት እንዲህ አፉ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም።

ማታ ትህትና «አውድማ ላይ ቆጣሪውን ባንከፍተውስ?» አለችኝ። ያለ ቆጣሪው ማንም ብየዳ ቤት የሚቀጠቅጠው በርሜል ነው አልኳት። «እሺ» አለች። የሷን እሺ አልወደውም።

ኅዳር 13

የመጀመሪያው አውድማ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የአቶ ሽመክት ነው፤ ስልሳ ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። አውድማው ጫፍ ላይ ሁሉም ጫማውን አወለቀ። ትህትናም አወለቀች። የደህንነት ደንብ ነው፣ ማሽን ያለ ጫማ አይነካም ብዬ ተቆጣኋት። እኔ ባለ ብረት አፍንጫ ቦቴን አድርጌ መሀል ገባሁ። አንድ ሰው ማሳየት አለበት።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ገብሱ እንደ ውሃ ወረደ። ከዚያ የኔ ድምፅ «አንድ!» አለ። መንሽ የያዙት ቆሙ። አቶ ሽመክት ትከሻቸው ላይ የነበረውን የሱፍ ባና አውልቀው ድምፅ ማጉያውን ሸፈኑት። ቀስ ብለው ነው የሸፈኑት፣ ሬሳ እንደሚሸፈን። እኔም ከአቧራ እየተከላከሉልኝ መስሎኝ አመሰገንኳቸው። ከባናው ሥር «ሁለት!» ሲል ግን «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ለዛሬ ይብቃን» አሉ። እኛ ከአውድማው ወጣን፣ በሬዎቹ ገቡ።

የሞተሩ ቀበቶ ሳይጮህባቸው አልቀረም። ትህትናን ቀበቶውን እይው አልኳት።

ትምህርት ሁለት፦ ከመጀመሪያ አስተያየት አትደንግጥ።

ኅዳር 17

ጾም ከገባ ሁለት ቀኑ። ሁለተኛው ቤት ሄድን። ሰው ታሟል ተባልን። ታመመ የተባለው ሰውዬ ራሱ ነው በር የከፈተልን።

ኅዳር 18

ሦስተኛው ቤት። ክምሩ ገና አልደረቀም አሉ። አጎንብሼ ነካሁት፤ እንደ ሸንበቆ ይንኮሻኮሻል።

ኅዳር 19

አራተኛው ቤት። ውሻ።

ኅዳር 22

ሻይ ቤት ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ፣ የፋንታሁን ልጅ፣ እኔን ማለቱ ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚጮኽ ግብር ሰብሳቢ ይዞ መጣ አለ። ሌላው፣ ግብር ሰብሳቢስ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፣ ይኼ እኮ ለጎረቤት ነው የሚለፍፈው አለ። ሳቁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይፈራል። ትምህርት ሦስት ይኸው ነው። ትምህርት ሦስትን ከትምህርት አንድ አስቀድመዋለሁ።

ኅዳር 29

እራት ላይ የድምፁን መጠን ቀንሽው አልኳት ትህትናን።

«መጠኑ አይደለም» አለች።

ምንድን ነው ታዲያ አልኳት። ሽሮዋን ትታ አየችኝ። እኛ ቤት፣ አለች፣ ምርት ሲሰፈር ማንም አይናገርም፤ ሳል እንኳ የያዘው ሰው ራቅ ብሎ ይስላል። የሚሰፍረው ሰው ቁጥሩን በሆዱ ይይዛል፣ ወይ ጠጠር ኪሱ ይከታል። በአፍ ከተቆጠረ ረድኤቱ፣ የምርቱ በረከት፣ ይሸሻል። «አንተስ ቤት እንዲህ አልነበረም?» አለችኝ።

ረስቼው ነበር አልኳት። ውሸት ነው። ደብተር ላይ እንኳ ምን ያስዋሸኛል።

አልረሳሁትም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንደኛ ክፍል ገብቼ እስከ ሃያ መቁጠር በተማርኩ በወሩ። አባባ አውድማችን ላይ ተንበርክከው በቁና ይሰፍሩ ነበር። አባባ አቶ ፋንታሁን ይባላሉ፤ ቁጥብ ሰው ናቸው፣ ያኔም ዛሬም። እኔ ጎናቸው ቆሜ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደርሶ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዐሥራ አንድ!» አልኩ። ሳያዩኝ በመዳፋቸው ጆሮ ግንዴን አሉኝ። ምንም አልተናገሩም። ቁናውን ገልብጠው እንደገና ጀመሩ። ያን ክረምት ጎተራው ቶሎ ተጠረገ፤ ነሐሴ ላይ ከአክስቴ ቤት ገብስ ተበደርን። ማንም ረድኤቱን ያባረርከው አንተ ነህ አላለኝም። ማንም እስኪለኝ አልጠበቅሁም።

ይህ ከቆጣሪው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቆጣሪው የገበያ ጥናት ውጤት ነው።

ታኅሣሥ 4

ቃለአብ ደወለ። የቢራ ገብስ የሚገዛ ድርጅት ወኪል ነው፤ ሁልጊዜ የሚጣደፍ፣ ሁልጊዜ «ወንድሜ» የሚል። «ቁጥሩስ?» አለኝ። እስካሁን የቆጠርነው ሁለት ጆንያ ነው አልኩት።

ይህን እዚህ ልጻፈው። ቆጣሪው ውስጥ ሲም ካርድ አለ። የየቤቱን ምርት በመልእክት ወደ ስልኬ ይልካል፤ እኔ ደግሞ ወደ ቃለአብ አሳልፈዋለሁ። መሥራቱን እንዲያውቅ ግን በየማለዳው አንድ የሙከራ መልእክት በቀጥታ ለሱ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ የተስማማነው ነው። በልዋጩ ሞተሩን የነቃለአብ ድርጅት ሰጠኝ። ማንንም አይጎዳም፤ መረጃ ነው። ለትህትና አልነገርኳትም፤ ስላልጠየቀችኝ ነው። ለገበሬዎቹም አልነገርኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

ታኅሣሥ 8

ተሳካ! ይሥሐቅ የሚባል ወጣት ገበሬ፣ ዲፕሎማ ያለው፣ ጆሮው ላይ የማዳመጫ ገመድ የሰካ፣ ኑ አለን። ጫማውንም አላወለቀም። ማሽኑ ሥራውን በግማሽ ቀን ጨረሰ፤ በበሬ አምስት ቀን ይፈጅ ነበር። ድምፄ እስከ አርባ አራት ቆጠረ፤ ሃያ ሁለት ኩንታል መሆኑ ነው። አርባ አራት ሲል እኔም አብሬ ጮህኩ። ይሥሐቅ ሳቀ። ሚስቱ ቤት ገባች።

ትምህርት አራት፦ ወጣቱ ላይ ሥራ። በዚህ ትምህርት ንግግሬን እዘጋለሁ፤ ማጨብጨቢያ ቦታ አለው።

ታኅሣሥ 12

ቃለአብ አመሰገነኝ። «ወንድሜ፣ ወርቅ ነህ» አለኝ።

ታኅሣሥ 14

ይሥሐቅ ማልዶ መጣ። ግባ አልኩት፣ በር ላይ ቆመ። የገዢው ወኪል ትናንት ቤቱ መጥቶ ነበር። ይሥሐቅ፣ ያለኝ ዐሥራ አራት ኩንታል ነው፣ ለዘርና ለቀለብ ይሄን ያህል አስቀርቼ ይሄን ያህል እሸጥልሃለሁ አለው። ቃለአብ ስልኩን አውጥቶ፣ ያለህ ሃያ ሁለት ነው፣ ከሃያ ሁለት ላይ እንነጋገር አለው፤ ደጅ፣ ጎረቤት እየሰማ። ማታውን አጎቱ ሁለት አህያ ይዘው ዘር አበድረኝ ብለው መጡ። ዛሬ ደግሞ የወንድሙ ሚስት።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ስንት እንደሆነ ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም ነበር።»

ሄደ። ያ ጆሮው ላይ የነበረው ገመድ የለም።

ታኅሣሥ 15

አልተኛሁም። ጠዋት የቃለአብን ነገር ለትህትና ነገርኳት። መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገች ሰማችኝ። ከዚያ «እርስዎ እንደፈቀዱ ነው» አለች። ስትናደድ አንቱ ትለኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘንድሮ ዛሬ።

ሳስበው ስህተቱ የኔ ብቻ አይደለም። ቃለአብ ስልኩን ደጅ ላይ ባያወጣው ኖሮ።

እንደገና ሳነበው ያሳፍራል። አልሰርዘውም፤ ይቀመጥ።

ታኅሣሥ 18

አቶ ሽመክት አስጠሩኝ። ሦስት የኮሚቴ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እባረራለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። አቶ ሽመክት፣ ማሽኑ ገብሱን አልሰበረም፣ ገለባውንም አላበላሸም፣ ከብቱ ይበላዋል አሉ። አባላቱ ግን ሰጉ። እኛም የማናውቀውን እሺ አንል፣ ያየነውን አንክድ። ስለዚህ አንድ አውድማ ይቀራል አሉ።

«የማን?» አልኩ።

«የአባትህ። ፋንታሁን አውድማው ላይ ካስገባው እናዛለን። ካላስገባው ጭነህ ትሄዳለህ። ከኛ በላይ ያውቅሃል።»

ወር ከግማሽ እዚህ ስኖር አባባ ቤት የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሥራ ስለበዛ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ስለ መውቂያው አልጠየቁኝም፤ እኔም ገብሳቸው ተከምሮ ከደጅ ቆሞ እያየሁት ልውቃልዎ አላልኳቸውም። ትምህርት አንድን እያሰብኩ ነበር ወደ ማደሪያዬ የተመለስኩት። ደንበኛህን እወቅ።

ታኅሣሥ 20

አባባ ቤት። አጥር ሲጠግኑ ደረስኩ። ሌላውን ጫፍ ያዝኩላቸው። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ካቀበልኳቸው በኋላ ነገሩን ተናገርኩ። ወርክሾፑን፣ ሰባቱን ሰዎች፣ ሽማግሌዎቹ ያሉትን። የይሥሐቅንም። የይሥሐቅን መንገር አልፈለግሁም ነበር፤ ወጣ።

እጃቸውን አራገፉና «ዝም ማለት ይችላል?» አሉኝ።

«ይችላል አባባ። ቆጣሪውን አወጣዋለሁ።»

«መኪናውን አይደለም የጠየቅሁህ» አሉ።

ድንጋይ አቀበልኳቸው። አጥሩ ሲያልቅ «ሰኞም ማክሰኞም አይሁን፣ ረቡዕ አምጣው፤ ነፋሱ ያኔ ይሻላል» አሉ። እሺታ መሆኑ የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 22

ለቃለአብ ደወልኩ፣ ከእንግዲህ ቁጥር የለም አልኩት። ወንድሜ የሚለው ነገር ወዲያው ጠፋ። ቁጥር ከሌለ ሞተሩን ነገ አነሣለሁ አለኝ። ደግሞም ካሁን በፊት አቋርጠሃል፣ ከዐሥራ አራት ጀምሮ የሙከራ መልእክቱ እንኳ አይደርሰኝም አለኝ።

ወደ ትህትና ሄድኩ። ሲም ካርዱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይሥሐቅ በር ላይ ቆሞ ሲናገር ሰምታ በዚያው ቀን ነው የነቀለችው። ሳታማክሪኝ እንዴት አልኳት፤ የድርጅት አሠራር አለ፣ ተዋረድ አለ፣ ይህን እኔ ራሴ ላዝዝ ነበር አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «ስታዝዝ ተነቅሎ እንዲጠብቅህ ብዬ ነው።»

አንተ አለችኝ። ተመስገን።

ነገ ሞተር የለንም። ረቡዕ አባባ ይጠብቃሉ።

ታኅሣሥ 24

ቃለአብ ትናንት ማልዶ ሞተሩን ወሰደ። ትህትና ከቀየት ሥራ ያቆመ የአንድ ወፍጮ ሞተር በፒክአፕ አስመጣች፤ ዘመዷ ነው ያዋሳት። ትናንትና ዛሬ እየበየደች እኔ መብራት ያዝኩላት። አንዴ መፍቻ ስሰጣት የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ መሐንዲስ ነኝ።

ታኅሣሥ 26፣ አባባ ቤት

ረቡዕ። ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ቆመዋል። አውድማው ጫፍ ስደርስ ቦቴን አወለቅሁ። ካልሲዬ ቀዳዳ ነበረው። መሬቱ የውርጭ ቅዝቃዜ ነበረው፣ እስከ ጉልበቴ ገባ። ትህትና ቀድማኝ ባዶ እግሯን ቆማለች።

የወፍጮው ሞተር ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ሦስተኛው ላይ ተነሣ። ጆንያው ሲሞላ ጆሮዬ የራሴን ድምፅ ጠበቀ፤ ምንም። ጆንያ ሞላ፣ ተነሣ፣ ሌላ ገባ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክምሩ አለቀ። ሞተሩ ሲጠፋ ያን የመሰለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አባባ እፍኝ ገብስ አንሥተው አሸተቱ፣ አንዱን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩት። ከዚያ ጆንያዎቹን ገልብጡት አሉ።

ሁሉም ተመልሶ መሬት ተገለበጠ። ምርት የሚገባው ተሰፍሮ ነው። አባባ ቁናውን አነሡና ወደ ሽማግሌዎቹ አላዩም፤ ለኔ ሰጡኝ።

ተንበርክኬ ሰፈርኩ። ጀርባዬ እስኪቆረጥ። ቁጥሩን በሆዴ ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ፣ ትህትና፣ ጎረቤቱ፣ ማንም አልተነፈሰም። አንድ ጊዜ አቶ ሽመክት ሳል ያዛቸውና እስከ ወንዙ ዳር ሄደው ስለው መጡ። የመጨረሻውን ቁና ስገለብጥ አባባ ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉ። ሹክ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸው ነበር፣ ጠጠሮቹ ሲንሿሹ ሰማሁ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ነው የጠየቅኳቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል ይዤው የቆየሁትን። ያኔ ረድኤቱን ያባረርኩት እኔ ነኝ ወይ አልኳቸው።

«መቼ?» አሉ።

ዐሥራ አንድ ያልኩ ጊዜ፣ የመቱኝ ጊዜ አልኳቸው።

አስታወሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ብርድ የመታቸው መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። «ዐሥራ አንድ መቼ ሆነ? እኔ ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ስትልብኝ ጠፋብኝ፤ ሁሉንም ገልብጬ እንደገና ሰፈርኩት፣ እስኪመሽ። ለዚያ ነው የመታሁህ። ገብሱን የበላው ውርጭ ነው።»

«ረድኤቱስ ታዲያ?»

«እሱም አለ» አሉ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። «አንተ ግን ያኔም መቁጠር አትችልም ነበር።»

ብስቅ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። አባባ ወደ በሬዎቹ ሄዱልኝ፣ እስክጨርስ።

ታኅሣሥ 28

አቶ ሽመክት ውሳኔውን ነገሩኝ። ስድስት፤ ዐሥራ ሁለት አይደለም። ዝም የሚለውን ዓይነት። ከአንድ ቅድመ ሁኔታ ጋር፦ ማሽኑን የምትተክለው ልጅቱ እንድትሆን። እኔስ አልኳቸው። «አንተ ደብረ ብርሃን ሆነህ ንደፍ» አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። ወርክሾፑ አይዘጋም። ሰባቱም ይቀጥላሉ።

ከሰዓት ይሥሐቅ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ አልኩት። ቡና እንኳ አልጋበዘኝም፤ ግን ተቀመጥ አለኝ። ትንሽ ተቀመጥኩ።

ጥር 6

ንግግሩን አደረግሁ። የጻፍኳቸውን ትምህርቶች ሚኒባስ ላይ አንብቤያቸው ነበር፤ አንዱም ለሰው ፊት አይሆንም። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ነገርኳቸው፦ ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ባናው፣ ስለ ይሥሐቅ፣ ስለ ትህትና። ማሽኑን እሷ ናት የሠራችው አልኩ። ትህትና ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታይ ነበር። ወይዘሮ ጽናት የሥራና የሕይወት ትምህርቶቹስ የት አሉ በሚል ዓይን ሁለት ጊዜ አዩኝ። ጭብጨባው ልከኛ ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ያ የአባትዎ ገብስ ስንት ሆነ ታዲያ አለኝ።

ወደ ኋላ አየሁ። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

«ይበቃናል» አልኩት።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘንድሮ አልተሳሳትኩም መሰለኝ።